ዱላን ማሟሸት

አያቴ ወይራ የሚቆርጡት ጥቅምት ከገባ በኋላ ነበር፤ ዝናቡ ጠፍቶ፣ ጭቃው ደርቆ፣ ሰውም ከብቱም እፎይ ሲል። ቆርጠው ቤት ሲገቡ ቅርፊቱን አይልጡትም። ሁለቱን ጫፎች ብቻ ቅቤ ይለቀልቁና ከምድጃው በላይ፣ ቆጡ ላይ፣ ለዘር ከተሰቀለው በቆሎ አጠገብ ያጋድሙታል። ከዚያ በኋላ የረሱት ይመስለኝ ነበር። ክረምት መጥቶ ያልፋል። በዓመቱ ጥቀርሻ የለበሰውን እንጨት ያወርዱትና ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቁታል። እናቴ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የምትመረኮዘው ከእነዚያ ዱላዎች አንዱን ነው። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል፤ ከአናቱ እስከ እግሩ ግን አንድ ስንጥቅ የለበትም።

እኔም አንድ ዱላ ሠርቼ ነበር። ከዚያው ግቢ፣ ከዚያው ወይራ፣ ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ መርጬ ቆረጥሁ። አዲስ አበባ ይዤው መጣሁና ዕለቱን ልጬ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሁለት ሳምንት አሰጣሁት። ከዚያ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባሁት፤ እንደ መስታወት አበራ። የካቲት ላይ አንድ ሌሊት ጧ የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ጠዋት ሳየው ከአናቱ ጀምሮ አንድ ክንድ ያህል ተተርትሯል፤ በስንጥቁ ዳርና ዳር ያለው ቫርኒሽም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል።

ሁለቱም የአንድ ዛፍ ልጆች ናቸው። እኔ ብዙ ገንዘብና ብዙ ቀለም አወጣሁበት፤ አያቴ ያወጡት አንድ ጭልፋ የማይሞላ ቅቤና አንድ ዓመት ነው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ዛሬ የማምነው ይህን ነው፦ ዱላን መጠበቅ ማለት ውሃ ወደ እንጨቱ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ፍጥነት መግዛት ነው። ቅቤውም፣ ጭሱም፣ ዘይቱም፣ ሰሙም፣ ቫርኒሹም የሚመዘኑት በዚህ ሚዛን ነው። ሥራውም የሚጀምረው ዱላው ከተሠራ በኋላ ሳይሆን ምሳሩ ዛፉን በነካበት ቀን ነው።

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ውስጥ ውሃ በሁለት ቦታ ይቀመጣል። ነገሩን በእንስራ ማሰብ ይቀላል። እንስራው ውስጥ የተቀዳ ውሃ አለ፤ ጭቃው ራሱ ደግሞ ገና ሳይተኮስ የያዘው እርጥበት አለ። የተቀዳውን ብትደፉት እንስራው ይቀላል እንጂ አይጠብም። ከጭቃው ውስጥ ያለው ሲወጣ ግን ገላው ይኮማተራል፤ ሸክላ ሠሪዎች አዲስ ያበጁትን ገንቦ ጥላ ውስጥ የሚያቆዩት ለዚህ ነው። እንጨትም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው በሕዋሳቱ ክፍተት ውስጥ ያለው ነፃ ውሃ ነው፤ ዱላው ይቀላል፣ መልኩ አይለወጥም። እርጥበቱ ከደረቁ እንጨት ክብደት 30 በመቶ ገደማ ላይ ሲደርስ ነፃው ውሃ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ የሚወጣው የሕዋሱ ግድግዳ ራሱ የያዘው ነው፤ መኮማተሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መኮማተሩ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረም፤ ዱላው ትንሽ ቀጠን ብሎ ያርፍ ነበር። እንጨት ግን እንደዚያ አይደለም። በቁመቱ የሚያጥረው ከቁጥር አይገባም፤ አንድ ሜትር ዱላ ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። ከመሐል ወደ ውጭ በሚሄደው አቅጣጫ ብዙዎቹ እንጨቶች ፈጽሞ እስኪደርቁ 4 በመቶ ያህል ይቀንሳሉ። በዙሪያው፣ ማለትም ቀለበቶቹን ተከትሎ፣ የሚቀንሰው ግን የዚህን እጥፍ ገደማ ነው። አንድ ሰው ሆዱ በትንሹ ሲከሳ ቀበቶው ከዚያ በእጥፍ ቢጠብ ምን ይሆናል? ቀበቶው አንድ ቦታ ላይ መበጠስ አለበት። ዱላ ላይ የምናየው ስንጥቅ፣ ውጩ ሰፊ ሆኖ ወደ እምብርቱ እየጠበበ የሚገባው፣ የተበጠሰ ቀበቶ ነው።

ከግንድ ተሰንጥቆ ከሳንቃ የተጠረበ ዱላ እምብርት ስለሌለው ይህ ጭንቀት ይቀልለታል። የኛ ዱላ ግን በአብዛኛው ከነእምብርቱ፣ ከአንድ ቅርንጫፍ ወይም ከአንድ ለጋ ግንድ የሚወጣ ነው። ጥንካሬውም ከዚያ ይመጣል፤ ጭረቱ፣ ማለትም የእንጨቱ ክር፣ ሳይቆረጥ ከላይ እስከ ታች ይሄዳል። ስለዚህ ጭንቀቱን ማስቀረት አይቻልም። የሚቻለው ጊዜ መስጠት ነው። ቀስ ብሎ የሚደርቅ እንጨት ሕዋሱ ትንሽ ትንሽ እየተሳበና እየለመደ ይሄዳል፤ ውጩ ከውስጡ ቀድሞ ሲደርቅ ግን ውጩ ይጠባል፣ ውስጡ እንደ አበጠ ይቆያል፣ ቀበቶውም ይበጠሳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

አሁን ወደ አያቴ ቅቤ እንመለስ። እንጨት በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ታሰረ የሸምበቆ ነዶ ነው። ውሃ የሚወጣባቸው ቱቦዎች አፋቸውን የሚከፍቱት ጫፍና ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ጫፉ ከጎኑ ከ10 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ይደርቃል። አብዛኛው ስንጥቅ ከጫፍ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ሁለቱን ጫፎች መድፈን ማለት ውሃው በአዝጋሚው መንገድ፣ በቅርፊቱ በኩል፣ እየተንፏቀቀ እንዲወጣ ማስገደድ ነው። ቅቤ በእጃቸው የነበረው መድፈኛ ነው። የቀለጠ ሻማም፣ ሰምም፣ የተረፈ የቤት ቀለምም ያንኑ ያደርጋል። እኔ የምጠቀመው ሻማ ነው፤ ጫፉን አንድ ጣት ያህል የቀለጠ ሻማ ውስጥ እነክረዋለሁ። በተጨማሪም ከምፈልገው ቁመት በላይ በሁለቱም በኩል አራት አራት ጣት አስተርፌ እቆርጣለሁ፤ ጫፉ ቢሰነጠቅ እንኳ የሚሰነጠቀው በኋላ የሚጣለው ነው።

ስንት ጊዜ ይቆይ? አናጢዎች በተለምዶ ለሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት አንድ ዓመት ይሰጣሉ፤ ለዱላ ይህ ልክ ነው። ከዚህ የሚሻል መለኪያ ግን የወጥ ቤት ሚዛን ነው። እንጨቱን በየሳምንቱ መዝኑና ቅርፊቱ ላይ በእርሳስ ጻፉ። ክብደቱ መውረዱን አቁሞ ሦስትና አራት ሳምንት አንድ ቦታ ላይ ከቆመ፣ እንጨቱ ከቤቱ አየር ጋር ታርቋል።

ጭሱስ? ይህን ለረጅም ጊዜ እንደ አጋጣሚ ቆጥሬው ነበር፤ ምድጃ ያለበት ቤት ጭስ አያጣምና። አየርላንዶች ከጥቁር እሾህ ቁጥቋጦ ስለሚሠሩት ሺሌሊ ስለሚባለው ዱላቸው ሳነብ ግን ደነገጥሁ። ቅቤ ወይም የአሳማ ስብ ይቀቡትና የቤቱ ጭስ መውጫ ውስጥ ለወራት ይሰቅሉታል፤ ጥቁር የሚያብረቀርቅ መልኩም ከጥቀርሻው ይመጣል። በአየርላንድ ገበሬና በአያቴ መካከል ባሕርና በረሃ አለ፤ አንዱ ሌላውን አላስተማረም። ሁለቱም ያገኙት አንድ ዓይነት መልስ ነው፣ ምክንያቱም ጥያቄው አንድ ነበር። ከምድጃ በላይ ያለው አየር ሞቅ ያለ ነው፤ ቀንና ሌሊት ብዙም አይለዋወጥም፤ ድንገተኛ ነፋስና የቀትር ፀሐይ አይደርስበትም። ለእንጨት ማድረቂያ ከዚህ የተሻለ ቦታ ገንዘብ ከፍሎ ማግኘት ይከብዳል።

ጭሱ ሌላም ሥራ አለው። እናቶቻችን የወተት ዕቃ በወይራ ሲያጥኑ ለሽታው ብቻ አይደለም፤ ጭስ ውስጥ ያሉት ፊኖሎች፣ አሲዶችና ሬንጅ መሰል ነገሮች ተሐዋስያንን ያዳክማሉ፣ ነፍሳትንም ያርቃሉ። ዱላም ሲታጠን ይኸው ነው። የእንጨት ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው በነጩ፣ በውጨኛው የእንጨት ክፍል ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ትሉ የሚመገበው እዚያ ያለውን ስታርች ነው፤ የጠቆረውን ውስጠኛ ክፍል አይወደውም። ዱላችሁ ሥር እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ብናኝ ካያችሁ፣ ትሉ ዋሻውን ጨርሶ ጥንዚዛ ሆኖ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ላዩን ዘይት መቀባት አይደርስበትም። የሚገድለው ሙቀት ነው። ለእንጨት ሳጥንና ለጭነት መደርደሪያ የተደነገገው ዓለም አቀፍ ደንብ የእንጨቱ መሐል 56 ዲግሪ ደርሶ 30 ደቂቃ እንዲቆይ ያዝዛል። ለአንድ ደረቅ ዱላ ይህ በዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ለስላሳ ሙቀት ሊገኝ ይችላል፤ የዱላው ቁመት አላስገባ ካለ ግን እንጨቱን በእሳት ዳር ከመለብለብ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ፍሪዘር ላለው ሰው ለሁለት ሳምንት መስጠት ይሻላል።

በዚህ በኩል ከሁሉ የሚያሳስበው ሽመል ነው። ሽመል ቀርከሃ እንጂ እንጨት አይደለም፤ በስታርች የተሞላ ስለሆነ ነቀዝ ይሻማበታል። ስለዚህ ሽመል የሚቆርጥ ሰው ሦስት ዓመት ያልሞላውን ለጋ አይንካ፤ ለጋው ስኳርና ውሃ ነው። ቆርጦም በወራጅ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ዘፍዝፎ ስታርቹን ቢያሳጥበው፣ ከዚያም ጥላ ላይ አቁሞ ቢያደርቀውና ቢያጥነው፣ ዕድሜው በእጅጉ ይረዝማል።

በነገራችን ላይ፣ እንጨትን ከሁሉ በላይ የሚያቆየው ቅባት አይደለም፤ የአየር አለመለዋወጥ ነው። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ሃዋርድ ካርተር በ1922 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የጥንቱን የግብፅ ንጉሥ የቱታንክሃሙንን መቃብር ሲከፍት ውስጡ 130 ያህል በትሮችና ምርኩዞች አገኘ። ከ3,200 ዓመት በላይ ተቀምጠው ነበር። የግብፅ በረሃ ደረቅ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን መቃብሩ ውስጥ ክረምትና በጋ የሚባል ነገር አልነበረም። የኛ ዱላ እንደ ንጉሡ በትር ጨለማ ውስጥ አይቀመጥም፤ ዝናብ ይመታዋል፣ ጭቃ ይወጋል፣ ማታ ምድጃ ዳር ይቆማል። ስለዚህ ልብስ ያስፈልገዋል።

ከልብሱ በፊት ገላው ይዘጋጅ። ሻካራው በቢላዋ ወይም በሞረድ ከወጣ በኋላ የጠርሙስ ስባሪን የሚያህል መፋቂያ የለም፤ በአንድ አቅጣጫ፣ ጭረቱን ተከትሎ፣ ወደ ራስ እየሳቡ መፋቅ ነው። ቀጭን እንደ ፀጉር የሚጠቀለል ልጣጭ ከወጣ ስለቱ ልክ ነው፤ ዱቄት ከወጣ ስባሪው ደንዟልና ይቀየር። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት ይመጣል፤ 120 ቁጥር፣ ቀጥሎ 180፣ መጨረሻ 240። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስሁ ይላል። አንድ እርምጃ ግን ይቀራል፦ ዱላውን በእርጥብ ጨርቅ አብሱትና ግማሽ ቀን አቆዩት። በእጃችሁ ስትዳስሱት ትናንት ልስልስ የነበረው እንጨት ዛሬ ጢም አብቅሎ ታገኙታላችሁ። በብርጭቆ ወረቀቱ የተጫኑት ጭረቶች ውሃ ሲያገኙ ቀና ብለው ነው። ይህን ጢም በ240 ቁጥር በስሱ መላጨት ነው። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው ዝናብ ራሱ ያበቅለዋል፤ ያን ጊዜ ከላዩ ቀለም አለ።

አሁን ዘይት። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ዘይት ደረቀ ስንል እንደ ውሃ ተንኖ ጠፋ ማለታችን አይደለም። አንዳንድ ዘይቶች ከአየር ኦክስጅን እየወሰዱ ቅንጣታቸው እርስ በርሱ እየተቆላለፈ ይጠነክራል፤ ሲደርቁ ክብደታቸው እንዲያውም ይጨምራል። የኢትዮጵያ ሴቶች ይህን ኬሚስትሪ ከኬሚስቶች በፊት ያውቁታል። አዲስ ምጣድ ሲሟሽ ምን ይደረጋል? ምጣዱ ይጋላል፣ የተወቀጠ የጎመን ዘር ይነሰነስበታል፣ በጨርቅ ይታሻል፤ ይህ ደጋግሞ ይደረጋል። ከጎመን ዘሩ የወጣው ዘይት ከሸክላው ቀዳዳ ገብቶ በሙቀቱ ይጠነክርና ጥቁር፣ ልስልስ፣ እንጀራ የማይዝ ቆዳ ይሆናል። ያ ቆዳ ከምጣዱ ላይ የተቀባ ቀለም አይደለም፤ የምጣዱ አካል ሆኗል። ዱላም እንደዚሁ ይሟሻል። እሳቱን የሚተካው ጊዜ ነው።

ሁሉም ዘይት ግን አይሟሽም። ቅቤ አይደርቅም፤ ስቡ ከኦክስጅን ጋር የሚቆላለፍበት ቦታ ጥቂት ነው። ስለዚህ ቅቤ ለእርጥብ እንጨት ጫፍ መድፈኛነት ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ለተጠናቀቀ ዱላ ግን ልብስ አይሆንም። በሙቀት ይቀልጣል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ሲቆይ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል። የወይራ ፍሬ ዘይትም፣ ስሙ ከወይራ ዱላ ጋር ቢገጥምም፣ አይደርቅም። ኑግ ግን ከፊል ደራቂ ነው። መጥበሻችሁ ጠርዝ ላይ እየተጠራቀመ በሳሙና አልለቅ ያለውን ቡናማ ሙጫ አስታውሱ፤ በእንጨት ላይ የምንፈልገው እርሱን ነው፣ በስሱ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ተልባ ነው። የተልባ ዘይት ከምናውቃቸው የምግብ ዘይቶች ሁሉ አብልጦ ኦክስጅን ይወስዳል፤ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ቀለማቸውን ለመቶዎች ዓመታት የበጠበጡት በእርሱ ነው።

ጥሬ የተልባ ዘይት ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ቀለም መሸጫ ሱቅ ውስጥ የተቀቀለ ተብሎ የሚሸጠው ማድረቂያ ብረታ ብረት፣ እንደ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለ፣ ስለገባበት በአንድ ቀን ገደማ ይደርቃል። ይህ የተቀቀለው ለሆድ አይሆንም፤ ወጥ ቤት አካባቢ አይቀመጥ።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ጠብታ ዘይት አሮጌ የነጠላ ቁራጭ ላይ አድርጉና ዱላውን ከአናቱ እስከ እግሩ እሹት፤ መዳፋችሁ እስኪሞቅ ድረስ። እንጨቱ ወዲያው ይለወጣል። ደረቅ ሳለ አመድማ ከነበረው ወይራ ውስጥ የተኛው ጥቁርና ወርቃማ መስመር ብቅ ይላል፤ ይህን ሳይ ሁልጊዜ ልቤ ይደሰታል። 20 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በሌላ ደረቅ ጨርቅ፣ እንጨቱ ያልጠጣውን ሁሉ፣ ምንም ሳይቀር ጥረጉ። ሰው የሚስተው ይህን መጥረግ ነው። ላዩ ላይ የቀረ ዘይት አይሟሽም፤ ተጣብቆ እንደ ማር የሚይዝ ቆዳ ይሆናል፣ እርሱንም መፋቅ እንጂ ማዳን አይቻልም። በማግሥቱ ድገሙ። አምስትና ስድስት ስስ ልብስ ከአንድ ወፍራም ካባ ይበልጣል።

ስለ ጨርቁ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር አለብኝ። የተልባ ዘይት ኦክስጅን ሲወስድ ሙቀት ይለቃል። ዱላው ላይ ያለው ሙቀት ወደ አየር ይበተናል፤ የተጨማደደና የተከመረ ጨርቅ ውስጥ ግን መውጫ ያጣል፣ ሙቀቱ መድረቁን ያፋጥናል፣ መድረቁ ሙቀቱን ይጨምራል፣ በሰዓታት ውስጥ ክብሪት ያልነካው ጨርቅ በራሱ ይነዳል። የካቲት 23 ቀን 1991 በፈረንጆቹ አቆጣጠር በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ፣ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ በሚባል 38 ፎቅ ያለው ሕንፃ፣ የእንጨት ግድግዳ ሲያድሱ የነበሩ ሠራተኞች ዘይት የጠጣ ጨርቅ 22ኛው ፎቅ ላይ ትተው ሄዱ። እሳቱ ስምንት ፎቅ በላ፣ ከ18 ሰዓት በላይ ነደደ፣ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። የቆመውም 30ኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ፣ ከጣሪያው ውሃ የሚረጭ መሣሪያ ስላገኘው ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጨርቄን ጨምድጄ ካርቶን ውስጥ ጥዬ ከምሳ ስመለስ ሽታ ሰማሁ፤ እጄን ባስገባ ትኩስ ዳቦ የነካሁ ያህል ሞቀኝ። ስለዚህ ጨርቁን ዘርግታችሁ የልብስ ገመድ ላይ ለብቻው አስጡት፤ ድርቅ ብሎ እንደ ካርቶን ሲቆም አደጋው አልፏል። ወይም ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ንከሩት። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

ዘይቱ ከደረቀ በኋላ ሰም ይከተላል። ኢትዮጵያ የማር አገር ናት፤ ንጹሕ የንብ ሰም ለማግኘት ጠጅ የሚጥሉ ሰዎችን መጠየቅ ይበቃል። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣልና ከእሳት ጋር በቀጥታ አይገናኝ፤ ጣሳውን በፈላ ውሃ ድስት ውስጥ አስቀምጡት። አንድ እጅ ሰም፣ ሦስት ወይም አራት እጅ የተልባ ዘይት፣ ቀልጦ ሲዋሐድ ማውረድ። ሲቀዘቅዝ እንደ ረጋ ቅቤ ይሆናል። በስሱ አሽታችሁ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ በሱፍ ጨርቅ ብታበሱት የሚመጣው ብርሃን የቫርኒሽ ዓይነት አይደለም፤ ከውስጥ የሚወጣ ለዛ ነው። ሰም ብቻውን ግን ከዝናብ አያድንም፤ ስሱና ለስላሳ ነው። ሥራው ዘይቱን መጠበቅና ለመዳፍ መመቸት ነው።

ስለ ቫርኒሽ ያለኝን አቋም ከአሁኑ ገምታችሁታል። ለወንበርና ለጠረጴዛ ክፉ አይደለም፤ ለግድግዳ ጌጥ የተቀረጸ በትርም ቫርኒሽ ይስማማዋል። የሚያዝ፣ ድንጋይ የሚነካ፣ መኪና በር ላይ የሚጋጭ ዱላ ግን ሌላ ነው። ቫርኒሽ ላይ ላዩን የሚቀመጥ ቆዳ ነው። አንድ ቦታ ሲጫር ውሃ በጭረቱ ይገባል፤ የቀረው ቆዳ ደግሞ ውሃው እንዳይወጣ ይይዘዋል። ነጭ ደመና ይታያል፣ ከዚያ ይነሣል። ለመጠገን ሁሉንም ፍቆ እንደ አዲስ መጀመር ነው። የተሟሸ ዱላ ሲጫር ግን ጭረቱን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሎ አንድ ጠብታ ዘይት ማሸት ይበቃል፤ በአሥር ደቂቃ አለቀ። ሌላው ደግሞ መዳፍ ነው። ዳገት ሲወጣ እጅ ያልባል፤ ቫርኒሽ ላይ ያላበው እጅ ይንሸራተታል። ሽማግሌ እግሩ ሲከዳው የሚተማመንበት ዱላ ከእጁ ሊያመልጥ አይገባም።

የእጅን ነገር ካነሣን መቋሚያን ማየት ይገባል። ሊቃውንቱ ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ የመጣ ነው የሚሉት ይህ በትር ለረጅሙ የሌሊት ቁመት መደገፊያ፣ ለዝማሜው ደግሞ ዜማውን መከተያ ነው። አንድ አሮጌ መቋሚያ ስታዩ ከፍ ካለው አናቱ ዝቅ ብሎ አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ከሌላው ጠቆር ብሎ ያበራል። ቀለም አልተቀባም። የእጅ ወዝ ነው፤ የቆዳ ቅባት ለዓመታት እየታሸ የሠራው ልብስ። ወዝ የሚለውን ቃል ለሰው ፊትም ለእንጨትም መጠቀማችን ያለምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ትልቅ ጥፋት ነው። በለብ ባለ ውሃ በረጠበና በተጨመቀ ጨርቅ ማበስ፣ ከዚያ ትንሽ ሰም፤ ሌላ አይነካ። የናስ ወይም የቀንድ አናቱ ከላላም በብረት ምስማር አይመታ። ታኒን ያለው እንጨት እርጥበትና ብረት ሲያገኝ ይጠቁራል፤ በምስማሩ ዙሪያ የቀለም ብልቃጥ የፈሰሰ ይመስላል። የናስ ምስማር ይህን አያደርግም።

ሰው ሁሉ አናቱን ሲያሳምር እግሩን ይረሳል፤ ዱላ ግን የሚሞተው ከእግሩ ነው። ያ የቱቦዎቹ አፍ እርጥብ መሬት ላይ ቀኑን ሙሉ ተደግፎ ይውላል፤ ውሃውን እንደ መጠጫ ቱቦ ወደ ላይ ይስባል። እግሩን የቀለጠ ሰም ውስጥ አቁሙት፤ አረፋ እየወጣ አየሩ ሲለቅ ሰሙ ይተካዋል። ለገጠር መንገድ የብረት ቀለበት ያለው አንካሴ ጥሩ ነው፤ ለአስፋልትና ለሴራሚክ ወለል ግን ብረት ያንሸራትታል፣ ጎማ ያስፈልጋል። ፋርማሲ የሚሸጠው የጎማ ጫማ ከሌለ፣ በረባሶ የሚሠሩ ሰዎች ከመኪና ጎማ በልኩ ክብ ቆርጠው ይሰጧችኋል። ቁመቱንም ያኔውኑ አስተካክሉ፦ ባለቤቱ ጫማውን አድርጎ፣ እጁን ዘና አድርጎ ሲቆም፣ የዱላው አናት የእጅ አንጓው ላይ መድረስ አለበት። ይህ የሚይዙት ከዘራ ልክ ነው፤ ትከሻ የሚደርስ ምርኩዝ ሌላ ነው።

ዋሽንግተንና ሚኒያፖሊስ ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው ዱላ ከአገር ቤት ሲያስመጡ፣ ወይም አባት ሻንጣው ላይ አስሮት ሲሄድ፣ በመጀመሪያው የብርድ ወቅት ዱላው ተሰነጠቀ የሚል ቅሬታ እሰማለሁ። ዱላው አልተበላሸም፤ አየሩ ነው። እርጥበቱ 80 በመቶ በሆነ የአገር ቤት ክረምት አየር ውስጥ የኖረ እንጨት 16 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል። ማሞቂያ በሚነድበት ቤት ውስጥ የአየሩ እርጥበት 30 በመቶ ሲወርድ የእንጨቱ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሆነው እዚያ በሳምንታት ይሆናል። መፍትሔው ከመንገዱ በፊት በደንብ ማሟሸት፣ ጫፎቹን በሰም መድፈን፣ እዚያም ሲደርስ ከማሞቂያው አርቆ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ፣ ከተቻለ አጋድሞ፣ ሁለት ሦስት ወር ማስለመድ ነው።

እናቴ የአያቴን ዱላ በር ጥግ ታቆመዋለች። በየዓመቱ መስከረም ላይ እወስድባታለሁ፤ ጭቃውን አብሼ፣ አንድ ቀን አድርቄ፣ አንድ ስስ የተልባ ዘይት አሻለሁ፤ እግሩን በሰም እደፍናለሁ። ሌላ ጊዜ አልነካውም። እርሷ ግን ፀጉሯን ቅቤ በተቀባች ቁጥር መዳፏን ዱላው ላይ ታብሳለች። ቅቤ እንደማይደርቅ፣ አቧራ እንደሚይዝ ነግሬያታለሁ። «አባቴም እንዲሁ ያደርጉ ነበር» ብላ እጇን ከላይ ወደ ታች ሳበችው፤ ያ ስንዝር የሚያህለው የጠቆረ ቦታ የመስኮቱን ብርሃን ያዘ። መስከረም ሲመጣ ቅቤውን በለብ ባለ ውሃ ጨርቅ አነሣዋለሁ፤ ወዙን አልነካም።